አራተኛው ጥያቄ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ቶሜ ከልጅነቴ ጀምሬ ስጠረጥር ኖሬ አንድም ቀን አልተመነጠርኩም። ባሌን ጠርጥሬ አገባሁት፣ እየጠረጠርኩ አብሬው ኖርኩ፣ ያመንኩት ሲሞት ብቻ ነው።

ስለዚህ ያ ገንሺሮ የሚባል ወጣት አስተርጓሚ ከናጋሳኪ ሦስት ቀን በእግሩ ተጉዞ፣ የእንጨት ሳህኖች በጀርባው አዝሎ በወንድሜ በር ሲገባ፣ ሌሎቹ ሴቶች መልኩን ሲያዩ እኔ ያየሁት ጣቱን ነው። ጣቱ ላይ የቀለም ጥቁረት ነበር። የሚጽፍ ሰው ያየውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

የምንኖረው አሪታ ውስጥ፣ የቀይ ሥዕል ሰፈር በሚባለው መንገድ ላይ ነው። እዚህ ያሉት ጥቂት ቤቶች በነጩ ሸክላ ላይ ቀዩን ቀለም ይሥላሉ፤ አሠራሩ ግን ከሰፈሩ አይወጣም። መውጫው ላይ የአገረ ገዢው የጌታችን ዘበኞች የሚወጣውን ሁሉ ይፈትሻሉ። ቀዩን ያወቀ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከዚያ በር አልፎ አይኖርም። እኔም የቀዩን ዱቄት ስለምፈጭ ሠላሳ ዓመት አልወጣሁም። ወንድሜ ኩሄይ ወንድ ልጅ አልተሰጠውም፤ ዓይኑ መድከም ሲጀምር ምሥጢሩን ለአንድያ ልጁ ለሳዮ አስተማራት። የዚያን ቀን ሳዮ ሙያ አገኘች፤ የሰፈሩ በር ግን ለዘለዓለም ተዘጋባት። ሃያ ዓመት እንኳን አልሞላትም ነበር።

ገንሺሮ የሚያስተረጉምላቸው ሰዎች ናጋሳኪ ባሕር ዳር ባለችው ትንሽ ደሴት ላይ የሚኖሩት የሩቅ አገር ነጋዴዎች ናቸው። ቀይ ፀጉሮች እንላቸዋለን። ከደሴቷ እንዲወጡ ስለማይፈቀድላቸው የሚፈልጉትን ሳህን ከእንጨት ጠርበው ይልኩልናል፤ እኛ ደግሞ በሸክላ እንሠራላቸዋለን። ከመካከላቸው ሬይኒር የሚባለው ግን ሳህን ብቻ አልበቃውም። ያየውን ሁሉ እየጻፈ፣ ያልገባውን ሁሉ እየጠየቀ ወረቀት ይልክ ነበር። ሳህን ለመግዛት የመጣ ሰው የአገር ምሥጢር የሚጠይቅበትን ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

በመጀመሪያው ጊዜ ገንሺሮ በረንዳው ላይ ተንበርክኮ አነበበልን።

«“የዚህ አገር ሠዓሊ አንድ ቅርንጫፍ ይሥልና ይነሣል። የቀረውን ሳህን ባዶ ይተወዋል። ምሳ ተጠርቶ የሄደ ይመስላል፤ ተመልሶ ግን አይጨርሰውም” ይላል።»

ኩሄይ ሻዩን አስቀመጠ። «ሰነፍ ናችሁ ነው የሚለን?»

«እንደዚያ አላለም፣ ጋሼ። ግን ባዶው በአበባ ይሞላልኝ ብሏል።»

«ሠርግ ቤት ነው እንዴ የሚሞላው?» አልኩ እኔ።

ያኔ ሳዮ ከወረቀት በሩ ጀርባ ተናገረች። «ቅርንጫፉንማ ማንም ይሥለዋል። የሚከብደው እኮ ባዶው ነው። የት ላይ መተው እንዳለበት ለማወቅ አባቴ አርባ ዓመት ፈጅቶበታል። ይህን ይንገሩልኝ።»

ገንሺሮ ብሩሹን እንደያዘ ወደ በሩ ዞረ። ቀና ብሎ የማያያትን ሴት ድምፅ ለመጻፍ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስተካከለ። የሰውየው ጆሮ ቀልቶ ነበር፤ እኔ ግን ከመንገዱ ድካም ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሬይኒር ሌላም ጽፎ ነበር። አንድ ባለጠጋ ሀብቴን ላሳይህ ብሎት ሦስት ሣጥን ከፍቶ፣ አምስት ጨርቅ ፈትቶ፣ የተሰነጠቀ የጭቃ የሻይ ጽዋ አወጣለት። የቀለደበት መስሎት ሊስቅ ሲል የሰውየውን ዓይን አየና ተወው። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ቤታቸው ውስጥ ምንም የለም። አንድ ሥዕል ይሰቅላሉ፣ የቀረውን ይደብቃሉ። ፊታቸውም እንደ ቤታቸው ነው። ደጎች ይሁኑ ተንኮለኞች እስካሁን አልለየሁም።»

«እኛም እሱን አልለየነውም በለው» አልኩ።

ገንሺሮ ሳቀ። «ይህንንም ልጻፈው፣ እትዬ ቶሜ?»

«ጻፈው። ሠላሳ ዓመት የጠረጠረች ሴት ናት ያለችው በልና ጨምርበት።»

የሳዮና የገንሺሮ ነገር በዚህ ተጀመረ። ጸደይና መከር በመጣ ቁጥር የሬይኒርን ጥያቄዎች በአገራችን ፊደል ገልብጦ ያመጣል፤ እሷም መልሱን ጽፋ ታሽግለታለች። ከጥያቄዎቹ ግርጌ ግን ሬይኒር ያልጠየቀው አንድ መስመር ሁልጊዜ ነበር። «መንገድ ላይ ዝናብ መታኝ፤ ወረቀቱን ግን በደረቴ ይዤው ስለነበር አልረጠበም» ይላል አንዱ። «ደሴቲቱ ላይ ማንም ሳይናገር ዝም ሲል ያንቺ ድምፅ ይመጣብኛል» ይላል ሌላው። እሷም ከመልሶቿ ግርጌ አንድ መስመር ትጽፋለች፤ እኔ እንዳላነብ በእጅጌዋ እየሸፈነች።

ሲመጣ፣ ሳዮ ወረቀቱን ልትቀበለው ስትወጣ፣ እጇን ያያል። ሌላ ወንድ ዓይን ያያል፣ አንገት ያያል። ይህኛው ከጥፍሯ ሥር የማይለቀውን ቅላት ነበር የሚያየው። ይህ ለእኔ ሁለት ትርጉም ነበረው፤ ሁለተኛውን ለሳዮ አልነገርኳትም። ስትስቅ የሰማኋት እሱ በመጣባቸው ቀናት ብቻ ስለነበረ አንጀቴ አልቻለም።

ሁለት ዓመት አለፈ።

በሦስተኛው ጸደይ ገንሺሮ ወረቀቱን ጠዋት ሰጥቶ፣ ለሌሎቹ ቤቶች የእንጨት ሳህናቸውን ሊያደርስ ሄደ። መልሱን በማግስቱ መጥቶ ሊወስድ ነው። ሳዮ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። ፊቷ እንደ ወረቀቱ ነጥቶ ነበር።

«አክስቴ፣ እስቲ አንብቢው።»

አምስት ጥያቄዎች ነበሩ። ሠዓሊዎቻችን ለምን ጥላ እንደማይሥሉ፣ ሰውን ለምን የቤት ጣራ አንሥተው ከላይ እንደሚያዩት አድርገው እንደሚሥሉ፣ ሴቶች ለምን ጥርሳቸውን እንደሚያጠቁሩ። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «ሳህኑ ከተሣለ በኋላ ዳግም እሳት ሲገባ ቀዩ የማይጠፋው ለምንድን ነው? ዱቄቱስ እንዴት ይዘጋጃል?»

ከግርጌ ደግሞ በዚያው እጅ ጽሑፍ፦ «በመከር ስመለስ ከአባትሽ ጋር የምነጋገረው ነገር አለኝ። ፈቃድሽ ይሁን።»

«የትኛው ነው የሱ ጥያቄ?» አለችኝ ሳዮ። «አራተኛው ነው ወይስ የግርጌው?»

ልቤ ደስ አለው ማለት ነውር ነው፤ ግን የጠረጠሩት ነገር ሲደርስ አንድ ዓይነት እረፍት አለው። «ልጄ፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» አልኳት። «ሁለት ዓመት ስለ ቅርንጫፍ፣ ስለ ባዶ ቦታ ሲጠይቅሽ የከረመው ለዚህች ለአራተኛዋ ነው።»

«እንዲህ አይደለም።»

«እሺ፣ አይደለም። ታዲያ ለምን ነጣሽ?»

ቁጭ ብላ መስመሩን ደጋግማ አነበበችው። የጋብቻው ቃል ባይኖር ይሻላት ነበር። ቀዩን ብቻ ጠይቆ ቢሆን ሌባ ነው ብላ ትተወው ነበር፤ እሷን ብቻ ጠይቆ ቢሆን በደስታ ታብድ ነበር። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ሲመጡ ግን የሚወዳት እሷን ይሁን ቀዩን የምትለይበት መንገድ አጣች።

ምክሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ሳነሳው ያሳፍረኛል። «ጻፊለት» አልኳት። «ግን የውሸቱን ጻፊለት። ከሸጠው፣ እነዚያ ቀይ ፀጉሮች ሞክረውት ጡብ የመሰለ ቀለም ሲወጣላቸው ጩኸታቸው እዚህ ድረስ ይሰማል። ያኔ ታውቂዋለሽ። ካልሸጠው ደግሞ ደግ፣ አግቢው።»

ማታውን አሰበችበት፣ ጠዋት ጻፈች። ዱቄቱ ሦስት ቀን ብቻ ይታጠባል ብላ ጻፈች፤ ሌላ ሌላም የፈጠራ ነገር ጨመረችበት። በሩዝ ሙጫ አሸገችው። ገንሺሮ ተቀብሏት እንደ ልማዱ ደረቱ ውስጥ ሲያስገባው፣ ከግርጌ የራሷ መስመር እንዳለ ገምቶ ነው መሰለኝ ፈገግ አለ። ምንም መስመር አልነበረውም። ዘበኞቹ ሁለት ዓመት ስለሚያውቁት ዕቃውን ፈትሸው በሰላም ሂድ አሉት።

በበጋው ሳዮ አልሳቀችም። በናጋሳኪ መንገድ ሰው በመጣ ቁጥር ብሩሹን ታስቀምጥና ታዳምጣለች። የቀይ ፀጉሮቹ ጩኸት ግን አልተሰማም።

በመከር መጣ። ከስቷል። የእንጨት ሳህኖቹን አወረደና በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሙቀጫዬ ፊት ነበርኩ። ኩሄይ ከውስጥ ተኝቷል ብዬ ነበር።

«የመከሩ ወረቀት የታለ?» አለችው ሳዮ።

«አሁን ጥያቄ የለም።»

«ባለፈው የላክሁልዎትስ ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«ጠፋብዎት?»

«በላሁት።»

ዘነዘናዬን አቆምኩ። የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አይቀልድም።

«ወደ ቀይ ፀጉሮቹ ቋንቋ ከመገልበጤ በፊት ሁልጊዜ አነበዋለሁ» አለ። «ተራራው ላይ ደርሼ ከፈትኩት። ዝናብ ስለነበረ እሳት ማንደድ አልቻልኩም። ቀድጄ ብጥለው አንድ ሰው ይገጣጥመዋል ብዬ ፈራሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እየቆረስኩ በላሁት፣ ሙጫው ሳይቀር።»

«ለምን?» ሳዮ ድምፅዋ ሻከረ። «የጠየቁኝ እርስዎ አይደሉም? ሬይኒርዎ ቀዩን ሲጠብቅ ነበር እኮ።»

«እኔ አልጠየቅሁሽም። እሱ ነው የጠየቀው። እኛ አስተርጓሚዎች ጣታችንን ወግተን በደማችን ፈርመን ነው ሥራ የምንጀምረው። ከተባለው ላንጨምር፣ ከተባለው ላንቀንስ። አምስት ከጠየቀ አምስት ነው የምጽፈው። አንቺ ደግሞ “አልነግርም” ብለሽ ትመልሻለሽ ብዬ ነበር። ያቺን አንድ ቃል ይዤለት ልገባ ነበር። ይበቃው ነበር።»

«ቢደርሰውስ ምን ይሆን ነበር? ውሸት እኮ ነው።»

«ውሸት መሆኑንማ አውቃለሁ።»

ሳዮ ቀና አለች። «እንዴት አወቅህ?»

አንተ አለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ እርስዎ ስትለው ኖራ አሁን አንተ አለችው፤ ራሷም አልሰማችውም።

«ሦስት ቀን ይታጠባል ብለሽ ጽፈሻል። በጓሮ ከጣራው ሥር ያለችው የዱቄት ማጠቢያ ማሰሮ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስመጣ እዚያው ነበረች። በመከርም ነበረች፣ በሚቀጥለው ጸደይም፤ ባዶዋን ያገኘኋት በሦስተኛው ጸደይ ብቻ ነው። እስከዚያ በመጣሁ ቁጥር አንቺ ጠዋት ውሃዋን ስትደፊ አይቻለሁ፣ ከጣራው የወረደውን ዝናብ ስትሞዪ አይቻለሁ። እጅሽን ሳይ የኖርኩት…» ቆም አለ። «የቀዩ ነፍስ ማጠቡ ነው። ይህን ካወቅሁ ከዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ሳዮ። መሸጥ ብፈልግ ያንቺ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?»

ሳዮ በጓሮ በኩል ወደ ማሰሮዋ ዞራ አየች።

«የበላሁት ግን ለዚያ አይደለም» አለ። «የቀዩ አሠራር፣ በአንቺ እጅ ጽሑፍ፣ በቀይ ፀጉር እጅ። ውሸት ይሁን እውነት ዘበኛው በምን ያውቃል? ማን መጥቶ አባትሽን “ልክ ነው ወይ?” ብሎ ይጠይቀዋል? አንገቱን ከቆረጡት በኋላ ነው የሚጠይቁት። እኔ ደግሞ ያንን ወረቀት በደረቴ ይዤ፣ በዘበኞቹ መሐል፣ ፈገግ እያልኩ ነው ያለፍኩት።»

ሠላሳ ዓመት ሌባ ስጠብቅ ኖሬ፣ ቤቱን ላቃጥለው የነበርኩት እኔ ነበርኩ። ጥርጣሬዬ የወንድሜን አንገት ከሰይፍ ሥር አስገብቶት ነበር።

«ልፈትንህ ብዬ ነው» አለች ሳዮ።

«አውቃለሁ። ውሸቱን ሳየው ገባኝ። ወረቀቱ ወርዶልኛል፣ ሳዮ። ያልወረደልኝ ፈተናው ነው።»

ይህን ሲል አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ለሬይኒር ምን አልከው?» አልኩት እኔ።

«ሌሎቹን በቃሌ ነገርኩት፤ ለአራተኛው መልስ የለም አልኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያው የዋጥኩት ቃል ነው። እሱም ወረቀቱን አውጥቶ “የዚህ አገር ሰዎች ከሳህናቸው ይልቅ ዝምታቸው ይበልጥ ተሠርቶበታል” ብሎ ጻፈ። ያመሰገነን ይሁን የሰደበን አልገባኝም።»

ያን ጊዜ የወረቀት በሩ ተከፈተ። ኩሄይ ቆሞ ነበር። እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል።

ቀስ ብሎ መጥቶ ከገንሺሮ ፊት ተቀመጠ። «አንተ ልጅ» አለው። «ስለ ማሰሮው ያልከውን ደህና አድርጌ አልሰማሁትም። ጆሮዬ ደክሟል። ውሃው በስንት ጊዜ ይቀየራል ነው ያልከው?»

የወንድሜ ጆሮ ምንም አልሆነም፤ የደከመው ዓይኑ ነው። የጠየቀው ለምን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ገንሺሮ «አላውቅም» ካለ፣ ኩሄይ ምንም አልሰማም፣ እሱም ዛሬውኑ በበሩ ወጥቶ ይሄዳል። ሦስት ትውልድ አስተርጓሚ የሆነ ቤት የበኩር ልጅ ነው፤ መርከቡ፣ መጻሕፍቱ፣ የአባቱ ስም ይጠብቁታል። ልኩን ከተናገረ ግን ቀዩን ያወቀ ሰው ሆነ። ወንድሜ ወይ ለጌታችን ሹማምንት ይሰጠዋል፣ ወይ ልጁን ድሮለት የቤታችንን ስም ሰጥቶ ወራሽ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ በዚያ በር አይወጣም፤ ባሕርም አያይም። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የተማረውንም ቋንቋ የሚያናግረው ሰው አያገኝም።

በልቤ «አላውቅም ይላል» አልኩ። እኔ ብሆን እላለሁ።

«አላውቅም በል» አለች ሳዮ።

ዞር ብሎ አያት።

«ገንሺሮ፣ ምንም አታውቅም። ምንም አላየህም። አባዬ፣ ምንም አላየም።» እንባዋ እየወረደ ድምፅዋን ለማጽናት ትታገል ነበር። «ሂድ። እንዳመንኩህ እወቅና ሂድ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ከዚያ በፊት እንደዚያ ሆና አላየኋትም። መሄዱ እንደሚገድላት ፊቷ ላይ ይነበባል፤ ግን ከልቧ ነበር ሂድ የምትለው። ጥርጣሬዋ አልቆ ነበር፣ ያለቀውም ልታጣው ስትል ነው።

ገንሺሮ ወደ ወንድሜ ዞሮ እጁን ምንጣፉ ላይ ዘርግቶ ሰገደ።

«በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ነው» አለ። «በዝናብ ውሃ ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ።»

ኩሄይ ዓይኑን ጨፈነ። «ልክ ነው» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነህ።»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ገንሺሮ እንደማይመለስ ለአባቱ ሊጽፍ ወረቀት ጠየቀ። ሳዮ ቀለሙን በጠበጠችለት። የሰውን ቃል ሁሉ ሲጽፍ የኖረ ሰው «አባቴ ሆይ» የሚለውን ጻፈና ብሩሹ አልንቀሳቀስ አለው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳዮ ተጠግታ እጅጌውን ያዘችው።

«ይቅር በለኝ» አለችው።

«ይቅር ካልኩሽ ቆይቷል» አላት። «አባቴን ይቅርታ የሚጠይቅልኝ ማነው?»

እጅጌውን እንደያዘች አብራው አለቀሰች፤ ደስታዋና እፍረቷ አንድ ላይ መጥተውባት ነበር። እኔ ከሙቀጫዬ ፊት ሆኜ ዓይኔን ከእነሱ አነሳሁ። ሊወስድብን የመጣ መስሎኝ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ስጠብቅ፣ ናጋሳኪ ውስጥ ካሉት ሽማግሌ አባት ልጃቸውን የወሰድንባቸው እኛ ነበርን፤ ይህን ሳስብ የእኔም እንባ መጣ።